ስሙ የማን ነው?
ከክታብ እስከ ሸራ፦ የጠልሰም ሥዕል ጉዞ

በስሜን ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተዘረጋው በጊች አምባ ለሚቆም መንገደኛ፣ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው የሰው እጅ ባልሠራው ነገር ላይ ነው። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ ጓሳው በነፋስ ይተኛል፤ የጭላዳው መንጋ በሜዳው ላይ ተበትኖ ሣሩን ይነጫል፤ ከአምባው ጫፍ በታችም ገደሉ ጭጋጉን ተሸፍኖ ይወርዳል። ነገር ግን ይህ አምባ ሰው አልባ ሆኖ የኖረ ስፍራ አልነበረም። ገብስ እየዘራና ከብት እያረባ ለብዙ ትውልድ የኖረ ሙስሊም ማኅበረሰብ የጊችን መንደር መሥርቶ ነበር። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የጊች ሰዎችም በ2008 ዓ.ም. ከአምባቸው ተነሥተው በደባርቅ ከተማ ዳርቻ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባሉት በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው? የቤቱ ድንጋይ ይቀራል። የመቃብሩ ምልክት ይቀራል። በግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ቢኖር እርሱም ከግድግዳው ጋር ይቀራል። በአንገት የተንጠለጠለ ነገር ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል። የኢትዮጵያን የሥዕል ታሪክ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምናተኩረው በሚቀረው ላይ ነው፤ በቤተ መቅደስ ግድግዳ፣ በትልልቅ የብራና መጻሕፍት፣ በነገሥታት ትእዛዝ በተሠሩ ሥራዎች ላይ። በአንገት ተንጠልጥሎ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲሻገር የኖረው ትንሹ ሥዕል፣ ማለትም የክታቡ ጠልሰም፣ ለረጅም ዘመን ከሥነ ሥዕል ታሪካችን ውጭ ሆኖ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሥዕል ጉዞ ባጭሩ መከተልና፣ በመጨረሻም ዛሬ በራሱ ፈቃድ አዲስ የምልክት ሥዕል ለመፍጠር ለሚነሣ ነጻ ሠዓሊ የሚያቀርበውን ጥያቄ መመርመር ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚጻፈው ስም የማን ነው?

ክታቡና ባለቤቱ

«ክታብ» የሚለው ቃል መጻፍን ከሚያመለክተው ሴማዊ ሥር የወጣ ሲሆን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የታወቀ ነው። በሙስሊሙ ዘንድ የቁርኣን አንቀጾችና በአራት ማዕዘን ሰንጠረዥ የተደረደሩ ፊደላትና ቁጥሮች ይጻፉበታል። በክርስቲያኑ ዘንድ ደግሞ በግዕዝ የተጻፈ ጸሎትና በመካከሉ የተሣለ ሥዕል የያዘ ረጅም የብራና ጥቅል ነው። ስሜን፣ ወገራና ደምቢያ ደግሞ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው፤ የቤተ እስራኤል ነገሥታትም እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የስሜንን አምባዎች ምሽግ አድርገው ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ አገር ሰዎች በሃይማኖት ቢለያዩም በሽታውን፣ የሕፃናቱን ሞትና የማይታየውን ጠላት ፍርሃት በጋራ ይካፈሉ ነበር። በጽሑፍ ተጠብቆ መኖርን መሻትም እንዲሁ የጋራ ነበር።

የክርስቲያኑ ክታብ አሠራር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ይለሰልሳል፤ ቀጠን ባለ ሰቅ ይቆረጥና ሁለት ወይም ሦስት ሰቅ በጠፍር ተያይዞ ይሰፋል። ቁመቱም እንዲያው በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። ደንበኛው ሥርዓት ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ነው፤ ሰውየው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠበቅ ይታሰባልና። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም፣ አርእስቱና የከበሩት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ሲጨረስም ይጠቀለልና ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ገብቶ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ወይም በሕመምተኛው መኝታ አጠገብ ተዘርግቶ ይሰቀላል።

የክታቡ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ለዚህም ምክንያቱ ከጽሑፉ ይዘት ይታወቃል። በብዙ ክታቦች ላይ የሚገኘው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው (ይህ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ዐፄ ሱስንዮስ አለመሆኑን ልብ ይሏል)። ታሪኩ ውርዝልያ የተባለች ሕፃናትን የምትገድል ሴት የሱስንዮስን ልጅ እንደ ገደለችበት፣ እርሱም በፈረሱ ተቀምጦ ጦሩን ይዞ እንደ ተከተላትና ድል እንደ ነሣት ይተርካል። ልጅ ወልዳ ልጅ የቀበረች እናት ይህን ጸሎት በአንገቷ ስታንጠለጥል የምትፈልገው ጌጥ አልነበረም። ሐኪም ቤት በሌለበት አገር፣ ሕፃኑ ትናንት ደኅና ውሎ ዛሬ በማይነቃበት ቤት ውስጥ፣ ክታቡ ለሐዘንዋ የተሰጠ መልስ ነበር። ዛሬ የሕክምና ትምህርት የሕፃናቱን ገዳይ በሌላ ስም ይጠራዋል፤ መድኃኒቱንም በሌላ ስፍራ ይፈልጋል፤ ይህም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የሥዕሉን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሥዕሉ ከምን ዓይነት ጭንቀት እንደ ተወለደ መዘንጋት የለበትም።

የባለቤቲቱ ስም በጸሎቱ መካከል በየቦታው ይገባል። የሚጻፈውም በዘወትር የምትጠራበት ስም ሳይሆን የክርስትና ስሟ ነው። ክታቡ በውርስ ወይም በሌላ ምክንያት ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አሮጌው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። በዛሬው ጊዜ በየቤተ መዛግብቱ የሚገኙ ክታቦችን የሚመረምር ሰው ይህን የፍቅ ምልክት በብዙዎቹ ላይ ያገኘዋል። የሠራው ሰው ስም ግን በተለምዶ አይጻፍም። እንግዲህ በክታብ ላይ ያለው ስም የሚጠበቀው ሰው ስም እንጂ የሠዓሊው ስም አይደለም።

የሚያየው ሥዕል

ሥዕሉን በተመለከተ ዘወትር የሚደጋገሙ ጥቂት መልኮች አሉ። በአናቱ ላይ ሰይፉን የመዘዘ መልአክ ይቆማል። በመካከሉ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ መሰል ቅርጽ ይሣላል፤ በኮከቡም እምብርት ፊት ይገኛል። በግርጌው ሐረግ፣ መረብና የተጠላለፈ መስመር ይከተላል። በሁሉም ላይ ግን ዓይን ይበዛል። ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል፤ ቅንድቡም ከባድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ምእመኑ እንዲያየው የተሣለ ነው። የክታቡ ጠልሰም ግን የተሣለው ሰው እንዲያየው ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ እንዲያይ ነው። ሕመሙን ያመጣው መንፈስ በሕመምተኛው ዓይን በኩል ይህን ዓይን ባየ ጊዜ ይደነግጣል፣ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ከዚህም የተነሣ ሥዕሉ ተጠቅልሎ በማኅደር ውስጥ ተዘግቶ ሳለም ሥራውን አያቋርጥም። የመረቡ ቅርጽም እንዲያው ለማስጌጥ የገባ አይደለም፤ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን ያጠመደበትን መረብ ያስታውሳል። ጠልሰም የሚለው ስያሜ በዐረብኛ በኩል ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ጥበቡም ከሰሎሞን ወረደ እየተባለ ሲነገር ኖሯል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ደብተራው ነው። ደብተራ ቅስና ወይም ዲቁና ያልተቀበለ ሊሆን የሚችል፣ ነገር ግን ዜማውን፣ ቅኔውንና አቋቋሙን ለብዙ ዓመታት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው። በማኅሌቱ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይቆማል፤ ክታቡን ሲጽፍ ግን ብቻውን ነው። አዛዥ ንጉሥ ወይም አሠሪ ገዳም የለውም። ያዘዘው አንድ ችግረኛ ሰው ነው፤ ክፍያውንም የሚቀበለው ከዚያው ሰው እጅ ነው። በዛሬው አነጋገር ነጻ ሠዓሊ የምንለው ሰው በአገራችን መቼ ተጀመረ ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መመሥረት አስቀድሞ በደብተራው ጎጆ ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

ይህ ነጻነት ዋጋ ያስከፍል ነበር። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን በጽኑ አውግዘዋል፤ በመጽሐፈ ብርሃንም ይኸው ውግዘት በሰፊው ይገኛል። ቤተ ክርስቲያንም የተፈቀደውን ጸሎት ካልተፈቀደው አስማት ለመለየት ስትጥር ኖራለች። ደብተራው በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ቀን ይከበራል፣ ማታ ይፈራል። ጥበቡን ሰውሮ መያዙም ከዚህ የመጣ ነው። ስሙን በክታቡ ላይ ያለመጻፉ ትሕትና ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል።

የዕጣና የስም ሒሳብ

ከክታቡ ጎን ለጎን የሚነሣ ሌላ የጥበብ ዘርፍ አለ፤ እርሱም ዐውደ ነገሥት ነው። ዐውደ ነገሥት የሰውን ዕድል በስሙ ሒሳብ የሚመረምር መጽሐፍ ሲሆን በማተሚያ ቤት ከታተመ ወዲህ በየገበያው የሚሸጥ ሆኗል። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይመነዘራሉ፤ ይደመራሉ፤ ድምሩም በ12 ይገደፋል። የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ያሳያል። የኮከቦቹም ስሞች ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት ናቸው። እነዚህ ስሞች ዐረብኛ እንደሆኑ ለአንባቢ ግልጽ ነው። ጥበቡ በግብፅና በዐረብኛ መጻሕፍት በኩል ወደ እኛ እንደ ደረሰ ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

እዚህ ላይ ዓይናችንን ለጊዜው ወደ ሩቅ አገር ማዞር ይጠቅማል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት በዚያው ዘመን፣ በሰሜን ጣሊያን በሚላንና በፌራራ መሳፍንት ቤት፣ በወርቅ ቅብ የተጌጡ የመጫወቻ ካርታዎች ይሣሉ ነበር። ካርታ ራሱ ወደ አውሮፓ የገባው ከግብፅ ማምሉኮች አገር መሆኑን ሊቃውንት ያምናሉ፤ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የሚገኘው የማምሉኮች ካርታ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ ገንዘብና የፈረስ ጉግስ በትር ያለበት ሲሆን፣ የጣሊያኑም ካርታ እነዚሁኑ አራት ወገኖች በጥቂት ለውጥ ይዟል። ጣሊያኖቹ ከዚህ ላይ እንደ ንጉሥ፣ ሞት፣ ፀሐይ፣ ጨረቃና የዕድል መንኰራኵር ያሉ 22 ሥዕሎችን ጨመሩበት፤ ሁሉም ተደምሮ 78 ሆነ። ይህ ታሮት የሚባለው ነው። ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ መሳፍንት ቤት ከተሠሩት መካከል በታወቀው አንድ ስብስብ 74 ካርታዎች እስከ ዛሬ ተርፈዋል።

ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ታሮት በዋነኛነት ጨዋታ ነበር። በ1781 ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ተነሥቶ ሥዕሎቹ ከጥንታዊት ግብፅ ካህናት ጥበብ የወረዱ ናቸው አለ። የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ሻምፖልዮን ገና አላነበበውም ነበር፤ ያ የሆነው በ1822 ነው። ማስረጃ ባይኖረውም ቃሉ ተሰማ፤ ካርታውም ከጨዋታነት ወደ ዕጣ መጠየቂያነት ተለወጠ። የአገራችን ጠልሰም ወደ ሰሎሞን እንደሚጠጋ ሁሉ የአውሮፓው ካርታ ወደ ግብፅ ተጠጋ። ሰው ለሚፈራውና ለሚወደው ሥዕል ጥንታዊ አባት መፈለጉ በየአገሩ የሚታይ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

የስም ጉዳይ እዚህም ይነሣል። በዛሬው ዘመን በዓለም ላይ እጅግ የተሠራጨው የታሮት ካርታ በ1909 በለንደን የታተመው ነው። ሥዕሎቹን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባለች ሠዓሊት ናት። ከእርሷ በፊት እምብዛም ባልተለመደ ሁኔታ የተራ ቁጥር ካርታዎቹን ጭምር ሰውና ታሪክ ባለው ሥዕል ሞላቻቸው፤ በየካርታውም ጥግ ላይ የስሟን ምልክት አኖረች። ካርታው ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲጠራ የኖረው በአሳታሚው በራይደርና ሐሳቡን ባቀረበው በዌይት ስም ነበር። ሠዓሊቷ በ1951 በድህነት ሞተች። የእርሷ ስም ከሥራዋ ጋር አብሮ እንዲጠራ የተደረገው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ በየአገሩ በራሳቸው ፈቃድ አዲስ ካርታ የሚሥሉ ነጻ ሠዓሊያን መነሻቸው በአብዛኛው የእርሷ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ስም አገኘን። በክታቡ ላይ የሚጻፈው የተቸገረው ሰው ስም ነው። በዐውደ ነገሥት የሚቆጠረውም የጠያቂውና የእናቱ ስም ነው። በለንደኑ ካርታ ላይ የገነነው የአሳታሚውና የሐሳብ ባለቤቱ ስም ነው፤ የሠዓሊቷ በጥግ ቀረ።

ደረስጌ

ወደ ስሜን እንመለስ። በጃናሞራ ምድር የምትገኘው ደረስጌ ማርያም የተሠራችው ስሜንንና ትግራይን ይገዙ በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ነው። በዚያን ጊዜ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርና የዕፀዋት ተመራማሪው ቪልሄልም ሺምፐር ከደጃዝማቹ ዘንድ ነበሩ፤ የዛንደር ስም ከቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ጋር ይነሣል። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ለራሳቸው ዘውድ መጫኛ አስበው ነበር ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ «ዐፄ ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ውቤ ያሠሩት ሕንፃ ዛሬ የሚታወሰው በቴዎድሮስ ስም ነው። ትልቁም ሥራ ቢሆን ከስም መፋቅ እንደማያመልጥ ከዚህ ይታያል።

የቴዎድሮስ ፍጻሜ ደግሞ የብራና ሥራዎቻችንን ስደት ከፈተ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋያት ተዘርፈው ተወሰዱ፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ በለንደን ቀሩ። ከዚያ በኋላ በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ ብዙ ወራት ተቀመጠ። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው ከቡድኑ ሠዓሊያን አንዱ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። ቡድኑ ከዚህ በተጨማሪ ከ300 በላይ የብራና ጽሑፎችን፣ ክታቦችንም ጭምር ይዞ ሄደ። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ያለው ይቀራል ብለን የጀመርነው አነጋገር እንኳ ሙሉ እውነት እንዳልሆነ ታሪክ ያስተምረናል።

ክታብ በውጭ አገር ቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ሲሰቀል ምን ይሆናል? ስሟ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሴት በመግለጫው ላይ አትጠቀስም። መግለጫው የሚናገረው ስለ ዘመኑ፣ ስለ ርዝመቱና ስለ ሰጪው ነው። በጸሎቱ ውስጥ ግን ስሟ እስከ ዛሬ አለ። የሚያነበው ቢገኝ፣ በአንድ ወቅት አንዲት ሴት በዚህ ብራና ልክ ቆማ እንደ ተለካች ያውቃል።

ከብራና ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ሸራ

በ1957 በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት ሠዓሊ አፈራ። ከለንደንና ከፓሪስ ትምህርትና ሥራ በኋላ በ1966 ወደ አገራቸው የተመለሱት እስክንድር ቦጎስያን በዚሁ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተምረዋል። እስክንድር የክታቡን ዓይን፣ ሐረግና ጥቅል ቅርጽ ከዘመናዊው የሥዕል ቋንቋ ጋር ያዋሐዱ ሠዓሊ ናቸው። በኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረው በ2003 አርፈዋል። በ1941 የተወለዱት ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ የቀርከሃ ሰቆችን እንደ ሸማኔ ጎን ለጎን አሰልፈው በላያቸው የክታቡን ፊቶችና ምልክቶች ሣሉ። ረጅሙና ጠባቡ ሰቅ የብራናውን ጥቅል ያስታውሳል። በ1992 በዳካር ቢየናሌ ከታላቁ ሽልማት ተካፋዮች አንዱ ሆኑ።

ሆኖም እስክንድርና ዘሪሁን ጠልሰሙን ያገኙት ከውጭ እንደ ተመልካች ነው። ከውስጥ የተነሡም አሉ። ገራና ጌዴዎን የተባሉት ሁለት ሊቃውንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ የጠልሰምን ጥበብ ከደብተሮች የተማሩ ናቸው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ የኢትዮጵያን ክታቦች ለረጅም ዘመን ሲያጠና ከሁለቱም ጋር ሠርቷል። እነርሱም ጥበባቸውን ከብራናው አውጥተው በወረቀት ላይ፣ ለአንድ ሕመምተኛ ሳይሆን ለራሱ ለሥዕሉ ሲሉ መሣል ያዙ። የገራ ሥዕሎች በጠራ ቀለምና በተመዛዘነ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። የጌዴዎን ደግሞ በጥቃቅን መስመር የተጠቀጠቁ፣ ዓይን ከዓይን፣ ፊት ከፊት የሚወጣባቸው ናቸው፤ እርሳቸውም የጥናትና የምርምር ጠልሰም ይሏቸው ነበር። ሥራዎቻቸው በ1992 በፓሪስ፣ በ1997 በኒው ዮርክ በተዘጋጁ ትልልቅ ኤግዚቢሽኖች ላይ ከጥንታውያን ክታቦች ጎን ለጎን ቀርበዋል።

«የጥናትና የምርምር» የሚለው አባባል በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። የቅኔ ተማሪ የአባቶችን ቅኔ ደግሞ ቢዘርፍ ተማረ አይባልም፤ በየቀኑ አዲስ እንዲቆጥር ይጠበቅበታል። ሕጉ የቆየ ነው፤ ቅኔው ግን ትኩስ መሆን አለበት። በዚህ ትምህርት የተቀረጸ አእምሮ ወደ ጠልሰም ሲመለስ የጥንቱን ምልክት እንደ ማኅተም መልሶ መላልሶ አይረግጠውም። ሕጉን ይዞ አዲስ ይቆጥራል። ስለሆነም ገራና ጌዴዎን ያደረጉት ከባህል መውጣት ሳይሆን፣ የባህሉ አንዱ ክፍል ለሌላው ያበደረው ነጻነት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዞ አልቆመም። በ2024 በሻርጃ ከተማ የሠዓሊ ሄኖክ መልካምዘር የጠልሰም ሥራዎች በኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ አዘጋጅነት በሰፊው ለሕዝብ ታይተዋል። ቀድሞ በማኅደር ተዘግቶ ይጠበቅ የነበረው ሥዕል ዛሬ በሰፊ አዳራሽ በብርሃን ፊት ይቆማል። በሥሩም የሠዓሊው ስም ተጽፏል።

የነጻው ሠዓሊ ድርሻ

እንግዲህ ከላይ የተነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ይከብዳል። ጠልሰሙ ወደ ሸራ ሲወጣ ስሙ ተለወጠ። የሚጠበቀው ሰው ስም ጠፍቶ የሠዓሊው ስም ገባ። በዚህ ትርፍም ኪሳራም አለ። ትርፉ፣ ለመቶ ዓመታት ስሙ ሳይጠራ የኖረው ባለሙያ በመጨረሻ መታወቁ ነው። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝን ያጋጠማት መገፋት በእርሱ ላይ እንዳይደገም መታገል ተገቢ ነው። ኪሳራው ደግሞ ሥዕሉ ከሰው ቁመት መለየቱ ነው። በክታቡ ዘመን እያንዳንዱ ሥዕል ለአንድ ሰው ይለካ ነበር። ሸራው የሚለካው ግን በአዳራሹ ግድግዳ ነው።

ዛሬ አንድ ወጣት ሠዓሊ በደባርቅ ወይም በዳባት፣ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ተነሥቶ በአገሩ ምልክቶች አዲስ የካርታ ስብስብ ልሥራ ቢል፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም። የለንደኑን ካርታ ሰዎች ነጠላ አልብሶ መቅዳት ግን ፍጥረት አይባልም። በእጁ ያለው ሀብት ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ዐሥራ ሁለቱ ኮከቦች አሉት። ስምንት ጫፍ ያለው ፊት፣ የሰሎሞን መረብ፣ ሰይፍ የመዘዘው መልአክና ፈረሰኛው ሱስንዮስ አሉት። ጅብራና ዋልያም ከደጁ ናቸው። ነገር ግን እነዚህን ከመሣሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ የምልክቱን ሕግ ከሚያውቁት አባቶች ዘንድ ቀርቦ መማር፤ ትርጉሙን ሳያውቁ መልኩን መውሰድ ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን እንደ ማንጎራጎር ነውና። ሁለተኛ፣ ከማን እንደ ተማረ በሥራው ላይ በግልጽ መጻፍ። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ለማን እንደሚሣል ማወቅ።

ይህን ትምህርት የሚያግዙ ተቋማትም አሉ። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ ክታቦችን ሰብስቦ ይዟል። ከ1973 ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ በሺሕ የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች ፎቶግራፋቸው ተነሥቶ ተቀምጧል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ጽሑፉን ያቆያል እንጂ እጁን አያቆይም። ብራናው ምን ያህል ሲለሰልስ እንደሚበቃው፣ ቀለሙ መቼ እንደሚጠና፣ የዓይኑ ብሌን በስንት ምት እንደሚሣል የሚያውቀው የባለሙያው እጅ ነው፤ ያ እጅ ሲያርፍ ዕውቀቱም አብሮ ያርፋል። ፍርሃትና ሐፍረት ያስዘጉትን አፍ በአክብሮት አስከፍቶ መመዝገብ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ከጊች አምባ ወደ ደባርቅ የወረደው ሰው ቤቱን ይዞ አልወረደም። በአንገቱ ያለውን ግን ማንም አላስቀረበትም። የጠልሰም ሥዕል ከብራና ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ሸራ ሲወርድ ይዞት ሊመጣ የሚገባው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ከሰው ጋር መሄድ። አዲሱ ሠዓሊ ስሙን ከሥዕሉ ግርጌ ይጻፍ፤ መብቱ ነውና። ነገር ግን ከዚያ በላይ፣ በሥዕሉ መካከል፣ ለተመልካቹ ስም የሚሆን ጥቂት ባዶ ቦታ ይተው። ጥንት ደብተራው ባዶውን ቦታ ትቶ «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጥበቡ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነበር።